ምዕራፍ አምስት፦ የቀትር ፀሐይና የሰፈሩ ትራንስፎርመር

ከሜይ እስከ ኦክቶበር 1891 ፍራንክፈርት ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ዐውደ ርእይ አስተናግዳ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳቡን ያነሣው የፍራንክፉርተር ጻይቱንግ ጋዜጣ ባለቤት ሊዮፖልድ ዞንማን ነው፤ የቴክኒኩን ሥራ የመራው ደግሞ የሙኒኩ መሐንዲስ ኦስካር ፎን ሚለር። ከተማዋ ለነዋሪዎቿ መብራት የሚያዳርስ ማመንጫ ልትተክል አስባ፣ ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ ትምረጥ ወይስ ተለዋዋጩን፣ ማለትም ዲሲ ወይስ ኤሲ የሚለው አከራክሯት ነበር። ዐውደ ርእዩ ለዚህ ክርክር መልስ ይዞ መጣ። በኔካር ወንዝ ዳር ላውፈን ላይ ከሚገኝ የሲሚንቶ ፋብሪካ የውኃ ማመንጫ የተነሣ መስመር 175 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ፍራንክፈርት ገባ። ኦገስት 24 አንድ ሺህ አምፖል በራበት፤ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ የሚያፈስ ፓምፕም ዞረበት። ከተላከው ኃይል ሦስት አራተኛው ያህል ደርሷል። የዐድዋ ጦርነት ሊደረግ 5 ዓመት ሲቀረው መሆኑ ነው።

የሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክን ሥርዓት ለዚያ መስመር ያበቃው የአኤጌ ኩባንያው መሐንዲስ ሚካኤል ዶሊቮ-ዶብሮቮልስኪ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «ስሪ ፌዝ ይገባልኝ» ብሎ የሚያመለክት የወፍጮ ቤት ባለቤት የሚጠቀመው ያንኑ ነው። ከዚያ መስመር የወረስነው ግን ፌዙን ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪክ ሩቅ ቦታ ይመነጫል፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይጓዛል፣ ከተማ ሲደርስ ይቀንሳል፣ ሰፈር ሲደርስ ደግሞ ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ ቤት ገብቶ ያልቃል የሚለውን ቅደም ተከተልም ወርሰናል። ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ አቅጣጫ። ከመቶ ዓመት በላይ የተዘረጋው ሽቦ ሁሉ ውፍረቱ የተለካው፣ መከላከያው የተቀመጠው፣ ትራንስፎርመሩ የተመረጠው ይህን አቅጣጫ አምኖ ነው። የጣሪያ ላይ ሶላር የነካው ይህንኑ እምነት ነው። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ስንት ኪሎ ዋት ትሰጣለች በሚለው ላይ ይውላል፤ እኔ ግን ይበልጥ መጠየቅ ያለበት በየትኛው ሽቦ ላይ፣ በስንት ሰዓት የሚለው ነው ባይ ነኝ።

ሽቦውን ለማየት ወደ ሮመርሽታት እንሂድ። በፍራንክፈርት ሰሜን ምዕራብ፣ በኒዳ ወንዝ ዳር ያለው ይህ የመኖሪያ ሰፈር በ1927 እና 1928 የተሠራው በከተማው ዋና አርክቴክት በኤርንስት ማይ ነው። ረድፍ ረድፍ የቆሙ ቤቶች፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ከኋላ ትንሽ የአትክልት ቦታ። ወጥ ቤቱ ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የነደፈችው፣ እያንዳንዱ መሳቢያ በልክ የተሰካበት የፍራንክፈርት ወጥ ቤት ነው። ሮመርሽታት በጀርመን የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰፈር ተብሎ ይታወቃል፤ ምድጃውም ውኃ ማሞቂያውም በኤሌክትሪክ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ የሚሄድ ሰው ምሰሶና የተወጠረ ሽቦ አያይም። ኬብሉ ከእግረኛ መንገዱ ሥር ተቀብሯል። ትራንስፎርመሩም እንደ አዲስ አበባ ከፍ ብሎ ምሰሶ ላይ አልተሰቀለም፤ መንገድ ዳር በቆመ፣ የበር ቁልፍና የአደጋ ምልክት ባለው አነስተኛ ቤት ወይም ሣጥን ውስጥ ያጉረመርማል። ከአንድ ጎኑ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይገባል፣ ከሌላው ጎኑ 400 ቮልት በሦስት ፌዝ ይወጣል፤ አንዱ ፌዝ ከኒውትራሉ ጋር ሲለካ 230 ቮልት ነው። በአብዛኛው የፍራንክፈርት ክፍል ይህን መስመር የሚያስተዳድረው ኔትስዲንስተ ራይን-ማይን የተባለው ድርጅት ነው፤ እናት ኩባንያው ማይኖቫ ሲሆን አብዛኛው ድርሻ የከተማው ነው።

አንድ ትራንስፎርመር ስንት ቤት ይችላል? በጀርመን ከተሞች የተለመደው አንዱ መጠን 630 ኬቪኤ ነው፤ ለዚህ ስሌት 630 ኪሎ ዋት ገደማ እንበለው። አንድ ቤት ምድጃውን፣ ማጠቢያ ማሽኑንና ውኃ ማፍያውን በአንድ ላይ ከከፈተ ብቻውን 10 ኪሎ ዋት ሊያልፍ ይችላል። ሁለት መቶ ቤት እንዲህ ቢያደርግ 2,000 ኪሎ ዋት ይሆንና ትራንስፎርመሩ አይችለውም። ግን አያደርግም። አንዱ ሲያበስል ሌላው ሥራ ላይ ነው፤ አንዱ ልብስ ሲያጥብ ሌላው ተኝቷል። ስለዚህ የመስመሩ ነዳፊ ብዙ ቤት አንድ ላይ ሲታሰብ ለእያንዳንዱ ከ2 ኪሎ ዋት የማይበልጥ ይመድባል፤ ለሁለት መቶው ቤት 400 ኪሎ ዋት ይበቃል። መላው የሰፈር መስመር የቆመው ሰዎች አንድን ነገር በአንድ ሰዓት አያደርጉም በሚለው በዚህ ግምት ላይ ነው።

ግምቱ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። የዓመት በዓል ዋዜማ ነው። በየቤቱ ምጣድ ተጥዷል፣ አንዱ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይጎትታል፣ ሁሉም ሊጥ በአንድ ማለዳ ኩፍ ብሏል። አምፖሉ ይደክማል፣ ማቀዝቀዣው ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ከወደ ምሰሶው «ጧ!» የሚል ድምፅ ይሰማና ሰፈሩ ሁሉ «መብራት ሄደ» ይላል። በሌላው ቀን የተበታተነው ፍላጎት በዚያ ቀን አንድ ላይ ገጠመ።

ፀሐይ ደግሞ መበታተንን አታውቅም። ደመና የሌለበት የጁን ቀትር ሲደርስ በአንድ ጎዳና ያሉ ጣሪያዎች ሁሉ በአንድ ደቂቃ ሙሉ ኃይል ያመነጫሉ፤ የበዓል ዋዜማው ምጣድ በተገላቢጦሽ፣ በየጠራው ቀን ማለት ነው። ከሁለት መቶው ቤት መቶው ጣሪያ ላይ አሥር አሥር ኪሎ ዋት ሶላር ቢሰቀል 1,000 ኪሎ ዋት ነው። ሁሉም ጣሪያ ወደ ደቡብ ስለማያይ፣ ፓኔሉም ሲግል ስለሚደክም ሙሉው አይወጣም እንጂ 700 እና 800 ኪሎ ዋት ይወጣል። ሰው ሥራ ላይ ባለበት በዚያ ሰዓት ሁለት መቶው ቤት የሚፈጀው ምናልባት 80 ወይም 100 ኪሎ ዋት ነው። የተረፈው መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫው ደግሞ ያው ትራንስፎርመር ነው፣ ከታች ወደ ላይ። ትራንስፎርመር በተፈጥሮው ለአቅጣጫ ግድ የለውም፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ያስተላልፋል። የሚያቃጥለው የመጠኑ መብዛት ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ትራንስፎርመሩ ከመጨናነቁ በፊት ሌላ ነገር ድንበሩን ያልፋል፤ ቮልቴጅ። ይህን በቁጥር ማየት ይሻላል። 150 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ኬብል ከእግረኛ መንገዱ ሥር 300 ሜትር ሄዶ መጨረሻው ላይ 8 ቤት አለ እንበል። የዚህ ኬብል ሬዚስታንስ በኪሎ ሜትር 0.2 ኦም ገደማ ነው፤ በ300 ሜትር 0.06 ኦም። ስምንቱም ቤት አሥር አሥር ኪሎ ዋት ሲልክ 80 ኪሎ ዋት በሦስቱ ፌዝ እኩል ተከፍሎ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ እንዲሄድ ከሚሄድበት ቦታ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በጎዳናው መጨረሻ ያለው ቮልቴጅ ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ካለው በ7 ቮልት ገደማ ይበልጣል። ሰባት ቮልት ከ230 ሦስት በመቶ ነው። የጀርመን የኤሌክትሪክ ደንብ በዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመር ላይ ማመንጫዎች በድምሩ እንዲያስከትሉ የሚፈቅደው ጭማሪ ደግሞ እንደ ደንቡ ሦስት በመቶ ነው። በዚህ ጎዳና ዘጠነኛው ቤት ሶላር ልስቀል ሲል ድርጅቱ ቆም ብሎ ማስላት ሊኖርበት ነው ማለት ነው። ያው 8 ቤት ትራንስፎርመሩ አጠገብ ቢሆን ኖሮ ምንም ችግር የለም። ዕጣው የወጣው በጣሪያው ስፋት ሳይሆን ከሣጥኑ ባለው ርቀት ነው፤ ጎረቤታሞች «ለእሱ ተፈቅዶ ለእኔ ለምን ተከለከለ» የሚሉትም ከዚህ የተነሣ ነው።

እኛ የለመድነው የቮልቴጅ ችግር ማነስ ነው። እዚህ ያለው ግን መብዛት ነው፤ የአውሮፓ መለኪያ የሚፈቅደው ከ230 ቮልት አሥር በመቶ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ስለሆነ ጣሪያው 253 ቮልት ነው። ያ ሲታለፍ የፓኔሉን ዲሲ ወደ ኤሲ የሚቀይረው ኢንቨርተር ራሱን ያጠፋል። የቤቱ ባለቤት ስልኩን ከፍቶ ሲያይ በቀኑ ምርጥ ሰዓት ምርቱ ዜሮ ሆኖ ያገኘዋል፤ ፓኔሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ፓኔሉ ደኅና ነው፤ የሞላው ጎዳናው ነው።

መፍትሔዎቹ ከርካሹ እስከ ውዱ ይሄዳሉ። ርካሹ ኢንቨርተሩ ውስጥ በሶፍትዌር አለ፦ ቮልቴጁ ሲጨምር ከሚሠራው ኃይል ጎን ለጎን ሪአክቲቭ ኃይል የሚባለውን በመሳብ ቮልቴጁን ጥቂት ይጎትተዋል። ውዱ መንገድ ቆፍሮ ወፍራም ኬብል መቅበር ነው፤ በጀርመን ከተማ ከኬብሉ ዋጋ ይልቅ የቁፋሮው፣ የአስፋልቱና የትራፊክ ማዞሪያው ወጪ ይበልጣል። በመካከል ሬጉላቶር ያለው የሰፈር ትራንስፎርመር አለ፤ ጭነት ሳይቋረጥ የመጠምጠሚያውን ልክ እያቀያየረ የሚወጣውን ቮልቴጅ በራሱ ዝቅና ከፍ ያደርጋል። ይህን የመሰለ ነገር በትልልቅ ማከፋፈያ ጣቢያዎች የቆየ ነው፤ ወደ ሰፈር ሣጥን የወረደው ግን ሶላር ካስገደደ በኋላ ነው።

አራተኛው መንገድ መቁረጥ ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ እንደ ብክነት ነበር የታየኝ፤ ቁጥሩን ሳይ ግን ተስማማሁ። የአንድ ጣሪያ ሶላር ከዐቅሙ 70 በመቶ በላይ የሚሰጠው በዓመት ውስጥ በጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ጫፍ ቢቆርጡት የሚጠፋው የዓመቱ ምርት ጥቂት በመቶ ነው፤ ለዚያ ጥቂት በመቶ ተብሎ ጎዳና ሁሉ ከሚቆፈር ቢቀር ይሻላል። በፌብሩዋሪ 2025 የጸናው ሕግ ይህን መንገድ ይዟል፦ አዲስ የሚተከል አነስተኛ ሶላር ዘመናዊ ቆጣሪና መቆጣጠሪያ ሣጥን እስኪገባለት ድረስ ወደ መስመሩ የሚልከው ከዐቅሙ 60 በመቶ እንዳይበልጥ። ቤት ውስጥ የሚጠቀመው አይነካበትም።

ሕጉ ሌላም ነገር አለው። በ2000 የወጣው የታዳሽ ኃይል ሕግ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ቋሚ ዋጋ ለ20 ዓመት ዋስትና ሰጥቶ ነው ሶላርን ያስፋፋው። ያኔ ዋጋው ከ50 የዩሮ ሳንቲም በላይ ነበር፤ በ2025 ለአነስተኛ ጣሪያ ከ8 ሳንቲም በታች ወርዷል። ሰዓቱ ግን ግምት ውስጥ አልገባም ነበር፤ ቀትርም ሆነ ማታ ያው ዋጋ። ውጤቱ በጅምላ ገበያው ላይ ታየ፦ በ2024 በጀርመን የኤሌክትሪክ ዋጋ ከዜሮ በታች የሆነባቸው ሰዓታት 457 ደረሱ። ከዜሮ በታች ማለት አምራቹ እንዲወሰድለት ከፍሏል ማለት ነው። አዲሱ ሕግ በእንዲህ ያሉ ሰዓታት ለአዳዲስ ሶላሮች አይከፍልም።

እዚህ ላይ «ባትሪ ቢገዙ አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። ባትሪ ለባለቤቱ ይጠቅማል፤ ከመስመር የሚገዛው ኤሌክትሪክ ከ30 ሳንቲም በላይ ስለሆነ የራስን መጠቀም ያዋጣል። ለጎዳናው ግን የሚጠቅመው በሰዓቱ ከሠራ ነው። ተራ ባትሪ ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ መሙላት ይጀምርና ከቀትር በፊት ይሞላል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጣሪያው ያመረተው ሁሉ፣ የቀኑ ጫፍ ጭምር፣ ባትሪ እንደሌለው ሁሉ ወደ ጎዳናው ይፈስሳል። የነገውን የአየር ትንበያ አይቶ ጠዋት የሚታገሥና ቀትር ላይ የሚሞላ ባትሪ በዚያው ዋጋ ሁለቱንም ያገለግላል። ልዩነቱ የሶፍትዌርና የታሪፍ ነው፤ ሰው የሚከፈለው ለመታገሥ ካልሆነ ባትሪውም አይታገሥም።

ስለ ኢንቨርተር ከተነሣ አይቀር ጀርመን በዚህ ትንሽ ሣጥን የከፈለችውን ማስታወስ ይገባል። በመላው አህጉራዊ አውሮፓ መስመር ውስጥ ፍሪኩዌንሲው 50 ኸርዝ ነው፤ ምርት ከፍጆታ ሲበልጥ ትንሽ ከፍ ይላል። በ2000ዎቹ አጋማሽ የነበረው ደንብ ፍሪኩዌንሲው 50.2 ኸርዝ ሲደርስ ሶላሮች ከመስመር እንዲወጡ ያዝ ነበር። ሶላር እዚህም እዚያም በነበረበት ዘመን ይህ አስተዋይ ጥንቃቄ ነበር። ከዚያ ሶላሩ በመቶ ሺዎች ተባዛ፤ ሁሉም ኢንቨርተር ግን ያንኑ ቁጥር ይዞ ተቀመጠ። አንድ ቀን 50.2 ቢደርስ ብዙ ሺህ ሜጋ ዋት በአንድ ቅጽበት ሊጠፋ ሆነ፤ መላው አህጉራዊ አውሮፓ ለድንገተኛ መጥፋት አዘጋጅቶ የሚያስቀምጠው ፈጣን መጠባበቂያ ግን 3,000 ሜጋ ዋት ነው። በጁላይ 2012 በወጣ ደንብ ከ300 ሺህ በላይ ሶላሮች በባለሙያ እየተጎበኙ ቅንብራቸው እንዲቀየር ተወሰነ፤ ወጪው በኤሌክትሪክ ተጠቃሚው ሂሳብ ላይ ተጨመረ። አዲሶቹ ኢንቨርተሮች 50.2 ላይ ሲደርሱ ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሱት። ማርች 20 ቀን 2015 ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ በጠዋቱ መላ ጀርመንን ሲያልፍ የሶላሩ ምርት በፍጥነት ወርዶ ፀሐይ ስትገለጥ ከወረደበት በባሰ ፍጥነት ወጣ፤ ኦፕሬተሮቹ ለወራት ተዘጋጅተውበት ስለነበር የተጠቃሚው አምፖል አልተርገበገበም።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ስለሚሆን ልበል። መብራት ሲጠፋ ጣሪያው ላይ ሶላር ያለው የጀርመን ቤትም አብሮ ይጨልማል፤ ቀትርም ቢሆን። ተራ ኢንቨርተር ከመስመሩ ቮልቴጅ ካላገኘ ይቆማል። ምክንያቱ የጥገና ሠራተኛው ነው፦ መስመሩ ተቋርጧል ብሎ እጁን የሚሰድ ሰው ከአንድ ጣሪያ በሚመጣ ኤሌክትሪክ እንዳይሞት። ቤቱ ብቻውን እንዲበራ ከተፈለገ ከመስመር የሚለይ ማብሪያ ማጥፊያና ለዚህ የተሠራ ባትሪ ያስፈልጋል። ሶላር ማለት መብራት ሲጠፋ የሚበራ ነገር ነው ብሎ ያደገ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢገዛ ያዝናል።

እስካሁን የገለጽኩት ጎዳና ግን የፍራንክፈርት ዓይነተኛ ጎዳና አይደለም፤ ይልቁንም ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በታውኑስ ተዳፋትና በቬተራው መንደሮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በባቫሪያ ገጠር የሚታይ ነው፦ ሰፊ ጣሪያ፣ ጥቂት ነዋሪ፣ ረጅም ኬብል። ፍራንክፈርት ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። በጋሉስ ወይም በቦርንሃይም ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ያለው ጣሪያ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ቤተሰብ ነው፤ የሚያመርተውን ሕንፃው ራሱ ይውጠዋል፣ ወደ ጎዳና የሚተርፈው ትንሽ ነው። ከተማዋ በጥቅሉም ረሀቧ ብዙ ነው። ዴ-ሲክስ የተባለው የኢንተርኔት መገናኛ በ1995 እዚህ ስለተመሠረተ የዳታ ማዕከሎች ዙሪያውን ተተክለዋል፤ ከከተማዋ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሚወስዱት እነሱ ናቸው፣ ሌትም ቀንም። ስለዚህ «መስመሩ አይችልም» የሚለው አባባል ለመንደሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለፍራንክፈርት መሐል ከተማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰበብ ነው ብዬ አምናለሁ።

በከተማዋ ያለው እንቅፋት ሌላ ነው፤ ጣሪያው የማን ነው? አብዛኛው የፍራንክፈርት ነዋሪ ተከራይ ነው፤ በከተማዋ ለዓመታት የኖረው የኢትዮጵያ ተወላጅም በብዛት እንዲሁ። ተከራይ ጣሪያ የለውም፤ አከራይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሂሳብ የሚከፍለው ተከራዩ ስለሆነ ሶላር ቢሰቅል ጥቅሙ አይታየውም። ይህን ለመፍታት በ2017 የተከራይ ኤሌክትሪክ ሕግ ወጣ፦ ጣሪያ ላይ የተመረተው ወደ ከተማው መስመር ሳይወጣ፣ በሕንፃው ውስጥ ለተከራዮች ቀነስ ባለ ዋጋ ይሸጣል። ማይኖቫ ከ50 ሺህ በላይ ቤቶች ካሉት የከተማው የቤቶች ድርጅት ከአቤጌ ጋር በዚህ መንገድ ብዙ ጣሪያዎችን ሸፍኗል። ለመስመሩም ከዚህ የሚሻል የለም፤ በዚያው ሕንፃ ተመርቶ በዚያው የሚያልቅ ኤሌክትሪክ የጎዳናውን ኬብል አይነካም።

የአቤጌን አንድ ሕንፃ ቀረብ ብሎ ማየት ጥሩ ነው። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ደቡብ ምዕራብ፣ በጉትሎይት ሰፈር ሽፓይሸርሽትራሰ ላይ፣ መኪና ማቆሚያ በነበረ ቀጭን መሬት ላይ የቆመው አክቲቭ-ሽታትሃውስ 150 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ ግን አሥር ሜትር ቢሆን ነው። በ2015 ሲመረቅ 74 መኖሪያ ነበረው። ጣሪያው አንድ ወጥ ሆኖ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር በሶላር የተሸፈነ፤ የደቡብ ግድግዳውም በመስኮቶቹ መካከል ጥቁር የሶላር ፓኔል ለብሷል። ግድግዳው ላይ ፓኔል ማቆም ምርት የሚቀንስ ይመስላል፤ በበጋ ቀትር አዎን። ፍራንክፈርት ግን 50 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ በክረምት ፀሐይዋ ከአድማስ ብዙም ከፍ ስለማትል ቀጥ ብሎ የቆመ ፓኔል ያኔ ይሻላል። ምድር ቤቱ ውስጥ ትልቅ ባትሪ አለ፤ ለማሞቂያ ደግሞ አጠገቡ ከሚያልፈው የፍሳሽ ቦይ ሙቀት የሚስብ ሂት ፓምፕ። በአንድ ዓመት ከሚፈጀው የበለጠ እንዲያመርት ታስቦ ነው የተነደፈው።

በዚሁ ሐሳብ ፍራፖርት በአውሮፕላን ማረፊያው 18 ምዕራብ በተባለው መንደርደሪያ ጎን ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የሚዘረጋ፣ እንደ አጥር ቀጥ ብሎ የቆመ የሶላር ረድፍ እየተከለ መጥቷል። ሁለት ፊት ያላቸው ፓኔሎች ናቸው፤ ጠዋት በአንድ በኩል፣ ከሰዓት በኋላ በሌላው ይሠራሉ፤ የጣሪያዎች ሁሉ ጫፍ በሆነው ቀትር ላይ ደግሞ ዝቅ ይላሉ። መስመሩ የሚፈልገውም ይህን ነው። ለተራ ቤትም ምሥራቅና ምዕራብ የሚያይ ጣሪያ እንደ ድሮው «ወደ ደቡብ ስላላየ አይሆንም» ተብሎ መጣል የለበትም።

ጣሪያ የሌለው ደግሞ በረንዳ አለው። ሁለት ፓኔል፣ እስከ 800 ዋት የሚሰጥ ትንሽ ኢንቨርተር፣ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት የሚሰካ ገመድ። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ አከራይ ያለ በቂ ምክንያት ሊከለክል አይችልም፤ በ2025 በመላው አገሪቱ የተመዘገቡት ከአንድ ሚሊዮን አልፈዋል። በመስመሩ ላይ ያላቸው ጫና ትንሽ ነው፦ በዚያው 300 ሜትር ኬብል ጫፍ ላይ አንዱ የበረንዳ ሶላር የሚጨምረው ከግማሽ ቮልት በታች ነው፤ ያውም ማቀዝቀዣውና የኢንተርኔት ሣጥኑ ከወሰዱት የሚተርፍ ካለ። አንዳንድ ቤት ያለው አሮጌ የሚሽከረከር ቆጣሪ ግን ምርቱ ሲበልጥ ወደ ኋላ ይዞራል፤ በ2024 የወጣ ሌላ ሕግ ቆጣሪው እስኪቀየር ድረስ ይህን በትዕግሥት እንዲያልፉት ፈቅዷል።

የቆጣሪው ነገር ግን ቀላል አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ የሰፈር መስመር የሚተዳደረው በግምት ነው። ድርጅቱ ከፍተኛውን ቮልቴጅ በየሰከንዱ ያያል፤ ከሰፈር ትራንስፎርመር በታች ያለውን ግን ብዙ ቦታ አያይም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚነበብ ቆጣሪ ስለ ጁን ቀትር የሚታወቅ ነገር የለም። ስለዚህ መሐንዲሱ የከፋውን አስቦ ያሰላል፣ ለሚጠይቀውም «ሞልቷል» ይላል፤ ላይሞላ ይችላል። ጀርመን ዘመናዊ ቆጣሪ የሚያዝ ሕግ ያወጣችው በ2016 ነው፤ በ2025 መጀመሪያ የተተከለው ግን ከጠቅላላው ጥቂት በመቶ ብቻ ነበር። የጣሪያው ሶላር ከመቆጣጠሪያው በብዙ ዓመት ቀድሞ ሮጠ። ከዚህ ሁሉ ጉዳይ በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ኬብሉ ጠቦ ሳይሆን ማንም ሳያየው ቀርቶ ሰው ሲከለከል።

በሌላ በኩል ማታው እየከበደ ነው። የጋዝ ማሞቂያው በሂት ፓምፕ ሲተካ፣ መኪናው በ11 ኪሎ ዋት መሙያ ሲሰካ፣ ያው 300 ሜትር ኬብል ከቀትሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጨናነቃል። ዲሴምበር ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ነው የምትወጣው፤ የወሩ ምርት የጁንን አንድ አምስተኛ እንኳ ላያክል ይችላል። ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ የሚተከሉ መሙያዎችና ሂት ፓምፖች፣ መስመሩ ሲጨናነቅ ድርጅቱ ለጊዜው እስከ 4.2 ኪሎ ዋት ሊያወርዳቸው ይችላል፤ ባለቤቱ በምላሹ የመስመር ክፍያ ቅናሽ ያገኛል። መኪናው አይቆምም፤ ቀስ ብሎ ይሞላል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ቁጥሩ ይለወጣል። ከተማዋ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች የሶላር ምርት ከወር ወር እንደ ፍራንክፈርት አይዋዥቅም፤ ደመናው የሚበዛው በክረምቱ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ያኔ ግድቦች ይሞላሉ። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2024 ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው ማታ ማታ በየግቢው ይሰካል፤ በየምሰሶው ያለው ትራንስፎርመር ግን ሲመረጥ የታሰበው ለአምፖልና ለምጣድ ነበር። ምጣዱ ራሱ ከጠዋት ይልቅ ቀትር ላይ ቢጣድ የጣሪያን ፀሐይ በቀጥታ የሚበላ ዕቃ ነው። ከ50.2 ኸርዙ ታሪክ የምንማረውም አለ፦ ወደ አገር የሚገባው ኢንቨርተር ምን ያህል ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ ላይ ይቁም፣ ቀስ ብሎ ይቀንስ ወይስ በአንድ ጊዜ ይውጣ የሚለው ቅንብር ከመርካቶ ሱቅ ከመሸጡ በፊት በደንብ ከተጻፈ የሚያስወጣው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ መቶ ሺህ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ግን በየቤቱ እየዞሩ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎችን ደመወዝ ይጠይቃል።